ሐዋሳ ላይ ዓሳ ለማጥመድ ጀልባ ማን ጋ ይሻላል? ጥቆማ በናታችሁ

ሰላም ከአዳማ፦ የሐዋሳ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ እሁድ ሁለቱን ልጆቼንና አባቴን ይዤ ልመጣ ነው። አባዬ ቆቃ ላይ በመንጠቆ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው አሁን ግን ጉልበቱን ያመዋል፣ ስለዚህ ረጋ ብሎ የሚነዳና ለልጆቹ ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ያለው ጀልባ ነው የምፈልገው። ሀይቁ ዳር ካሉት ጀልባ መነሻዎች ከፍቅር ሀይቅ ነው ከአሞራ ገደል መነሳት የሚሻለው? መንጠቆስ ከዚህ ገዝቼ ልምጣ?

የታቦር ልጅ፦ አሞራ ገደል ነዋ! በጠዋት ጥሬ ዓሳ በዳጣ ሳትበሉ እንዳትመለሱ

ቃልዬ፦ ከመሳፈርህ በፊት ዋጋ ጨርስ ወንድሜ። እኛ በጀልባ ተስማምተን ተሳፈርን፣ መሃል ሀይቅ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ "ሂሳቡ በሰው ነው" አለ፣ ስድስት ነበርን፣ ጉማሬው ወዲያ ማዶ እየተነፈሰ እማዬ እያለቀሰች ከፈልኩ። ላይፍ ጃኬቱም ማሰሪያ የለውም።

ሚሚ፦ ውይ እኔንም እንደዛ አርገውኛል!! የቱ ጋ ነው?

ቃልዬ፦ ስም አልጠራም፣ ዋጋ ጨርሱ ብቻ

ሀይቅ ዳር፦ እኛ ስንት ዓመት ፍቅር ሀይቅ አንድ ልጅ ጋ ነው የምንሄደው፣ እሱን የሚያክል የለም

ሚሚ፦ ላይፍ ጃኬት አለው?

ሀይቅ ዳር፦ ሀይቁን እንደ ጓዳው ነው የሚያውቀው ምን ላይፍ ጃኬት ያስፈልገዋል

ቃልዬ፦ እሱ ሀይቁን ማወቁ የሰውየውን ልጆች ያንሳፍፋቸዋል?

ቆሮሶ፦ የአዳማው ልጅ ስለ መንጠቆም ጠይቋል እኮ። ከአዳማ ይዘህ ና፣ ለቆሮሶ ዓሳ ትንሿን መንጠቆ በትል ወይ በሊጥ፣ ለአምባዛ ተለቅ ያለውን በስጋ ቁራጭ ወደ ታች ልቀቀው፣ አምባዛ ሲመሽ ነው የሚበላው ግን ከልጆች ጋር ባታመሹ ይሻላል ጉማሬ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሀይቁ ላይ ሁኑ፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳና ጀልባው ይናጣል ለአባትህ ጉልበት አይሆንም፣ እንደውም እሳቸው ዳር ላይ ወንበር ይዘው ቢያጠምዱ ይመቻቸዋል። አደራ ትንንሽ ቆሮሶ ከያዛችሁ መልሱት፣ አይኑ በጠበበ መረብ ጫጩቱን ሁሉ እያወጡ ሀይቁን እየጨረሱት ነው፣ ያንጀቴን ነው የምነግራችሁ።

የታቦር ልጅ፦ ለብለቡንም ቅመሱ

ሰላም ከአዳማ፦ ቆሮሶ እግዜር ይስጥልኝ። አባዬ ሊጡ የምን ዱቄት ነው ይላል

ቆሮሶ፦ የስንዴ፣ ጠንከር አርገው ያቡኩት ውሃው ቶሎ እንዳይፈታው