ጀማሪ ተማሪ በተርሚናል ይጀምር ወይስ በቁልፍ?

ከፒያሳ፦ ሰላም ጎንደሬዎች። ክረምት ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚጀምሩ ልጆች የቱ ይሻላል? ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ከፍተው ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን) በትእዛዝ ይጥሩ ወይስ ኮድብሎክስ (ኮድ መጻፊያና ማስኬጃ ሶፍትዌር) ተጭኖላቸው «ራን» የምትለዋን ቁልፍ ይንኩ? እኔ ተርሚናል ባይ ነኝ። ተቃዋሚ ካለ ይምጣ።

መምህር ከማራኪ፦ እኔ አለሁ። ልጁ ገና ፎር ሉፕ (ድግግሞሽ) አልገባውም፣ አንተ ፎልደርና ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ቦታዎች ዝርዝር) ታስጠናዋለህ። ዊንዶውስ ላይ የኮምፓይለሩን ስም ጂ ፕላስ ፕላስ ብሎ ጽፎ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም» ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። ክፍለ ጊዜው ፓዝ በማስተካከል ያልቃል። መጀመሪያ ውጤት ይይና ይጣፍጠው።

ከአዘዞ፦ መምህር፣ ከጣፈጠው በኋላስ? ኮድብሎክስ ራሱ ኮምፓይለር አይደለም። አብዛኛው ሰው ሲጭነው ከጀርባ የሚሠራው ያው ጂሲሲ (ጂ ፕላስ ፕላስ ያለበት የኮምፓይለር ስብስብ) ነው። ቁልፏ እምቢ ያለች ቀን ልጁ የት እንደተበላሸ በምን ያውቃል?

ከፒያሳ፦ ልክ ነው። ሊኑክስ ላይ በሲ ቋንቋ ከተጠቃሚ ቁጥር ተቀብሎ ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ። «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» (የተጠራው ፈንክሽን ኮድ አልተገኘም) የሚል ኤረር ይመጣል። ልጁ «ኢንክሉድ አድርጌያለሁ እኮ!» ብሎ ይጮሃል። ኢንክሉድ የሚናገረው ፈንክሽኑ እንዳለ ብቻ ነው። የተሠራው ኮድ ያለው የሂሳቡ ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ውስጥ ነው። ሊንከሩ (የኮድ ክፍሎችን የሚያገናኘው) እንዲያገኘው ትእዛዙ መጨረሻ ላይ «ሰረዝ ኤል ኤም» ይጨመራል። ይሄ ቁልፍ በመንካት ብቻ ለልጁ አይገባውም።

መምህር ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅኸን ስለ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ጂ ፕላስ ፕላስ የሂሳቡን ላይብረሪ ሳይነገረው ያገናኛል። ምሳሌህ ከዚህ ክፍል ውጭ ነው 😄

ከአዘዞ፦ መምህር አሸነፉ! ግን ኮዱን ሁለት ፋይል ላይ ከፍለው አንዱን ትእዛዙ ላይ ቢረሱት ያው ኤረር ይመጣል። ያኔ ሲ ፕላስ ፕላስም አያድንም።

ከአራዳ፦ እናንተ ላፕቶፕ እንዳለው ሰው ነው የምትከራከሩት። የሌለውስ? አንድሮይድ ላይ ተርሙክስ (ለስልክ የተሠራ ተርሚናል) ጭኖ ክላንግ የተባለውን ኮምፓይለር ያውርድ። አንዴ ከገባ ዳታ አይበላም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ይሠራል። ኮድብሎክስ ደግሞ ለስልክ የለም። በእርግጥ በስልክ ኪቦርድ ሰሚኮለንና ቅንፍ መፈለግ ያንገሸግሻል። እሱን አልክድም።

መምህር ከማራኪ፦ ስልኩን አላሰብኩትም ነበር፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ላፕቶፕ ላላቸው ግን አቋሜ ያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቁልፍ፣ ፋይል መክፈል ሲጀምሩ በተርሚናል።

ከፒያሳ፦ በአንድ ቅድመ ሁኔታ እስማማለሁ። «ሰረዝ ደብሊው ኦል» (ኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያደርገው ምርጫ) ከመጀመሪያው ቀን ይብራ፣ ኮድብሎክስ ላይም ምልክት ማድረግ ነው። ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል ሲጠቀሙ በጊዜ ያስጠነቅቃቸዋል።

ከአዘዞ፦ እኔ አልስማማም። ሁለት ሳምንት ቁልፍ የለመደን ልጅ ወደ ተርሚናል የሚመልስልኝ ማነው?