ሕመምተኞች አንቲባዮቲካቸውን እንዲጨርሱ የሚረዳ ሥዕል ምን ማሳየት አለበት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ለ7 ቀን አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት መድኃኒቱን ያቋርጥና የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል፤ አልያም ለቤተሰቡ ይሰጣል። በቃል አስረዳለሁ፣ በካርቶኑም ላይ እጽፋለሁ፤ ሆኖም ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ናቸው፤ የሚያነቡትም ቢሆኑ በሕመም ላይ ሳሉ የተነገራቸውን ሁሉ አይዙትም። ከመድኃኒቱ ጋር የምሰጠው ባለ አንድ ገጽ ሥዕላዊ መግለጫ ማዘጋጀት እፈልጋለሁና ምን ልሣል?

መልስ 1 (ነርስ)፦
ጥርስ ያወጣ ባክቴሪያ መሣል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኛው በዚያ ሥዕል ውስጥ ራሱን አያገኝም። ሊያቋርጥ የሚፈተነው በተሻለው ዕለት ስለሆነ ያንን ዕለት ይሣሉለት። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሣጥን፣ በየሣጥኑም የዕለቱ እንክብሎች ይኑሩ፤ በሦስተኛው ሣጥን ላይ ሰውየው ከአልጋው ተነሥቶ፣ ፊቱ ፈክቶ፣ አሁንም መድኃኒቱን ሲውጥ ይታይ። ሕመምተኛው የወሰደውን እንክብል በእስክሪብቶ ይሰርዝ። የቀኖቹን ብዛት ግን አስቀድመው አያትሙ፤ አንዳንዱ ሕክምና በ5 ቀን ሲያበቃ የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃልና።

መልስ 2 (የጤና ትምህርት ሥዕል አዘጋጅ)፦
በዚህ እስማማለሁ። እኔ አብዝቼ የማሳስበው ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት እንዲፈተን ነው። በግማሽ የቀረ የእንክብል ማሸጊያ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ብናደርግ እኛ «አታስተርፉ» ማለታችን ነው፤ ተመልካቹ ግን «ይህ መድኃኒት ጎጂ ነው» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ «ገባዎት?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላልና። «ይህ ሥዕል ምን ያድርጉ ይልዎታል?» ብለው ይጠይቁና በራሳቸው አነጋገር ሲያስረዱ ያዳምጡ። ሥዕል ብቻውን ሲሰጥም ግራ ያጋባል፤ እየጠቆሙ ያስረዱ።

መልስ 3 (ሐኪም)፦
አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «በምንም ምክንያት አታቋርጡ» የሚል መልእክት አደገኛ ነው። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ፊቱ ያበጠ ወይም መተንፈስ የተቸገረ ሰው ቀጣዩን እንክብል ሳይውጥ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ይህም የራሱ ሥዕል ይኑረው። ከዚህም ሌላ ለብዙ ኢንፌክሽኖች አጠር ያለ ሕክምና በቂ መሆኑ በጥናት ስለታየ፣ መልእክቱ «ረዥም ጊዜ መውሰድ ይሻላል» ሳይሆን «የታዘዘልዎትን ያህል ይውሰዱ፤ ማቋረጥ ካሰቡ አስቀድመው ባለሙያ ያማክሩ» ቢሆን ይበጃል።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። በውኃ ተበጥብጦ ለሚሰጠው የሕፃናት ሽሮፕስ?

መልስ 1 (ነርስ)፦
የመለኪያ ሲሪንጁን በእውነተኛ መጠኑ ይሣሉና እስከታዘዘው መስመር ድረስ በቀለም ይሙሉት። የማንኪያ ሥዕል አይጠቀሙ፤ የቤት ማንኪያ መጠኑ ይለያያል። ከመስጠት በፊት ጠርሙሱ የሚናጥ መሆኑንም ያሳዩ፤ ካልተናጠ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጥና ሕፃኑ አንዱን ቀን አነስተኛ፣ ሌላውን ቀን ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ሊወስድ ይችላል።