ሩብ ዲግሪ ላይ አዙሪቶቼ የት ገቡ?

ባሕር_አልባ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የደቡብ ውቅያኖስን የኮምፒውተር ሞዴል እያሄድኩ ነው። ግሪዱ (ሞዴሉ ባሕሩን የሚከፋፍልበት ፍርግርግ) በ1 ዲግሪ ሳለ ጄንትና ማክዊሊያምስ በ1990 ያወጡትን ዘዴ፣ ጂኤምን ማለቴ ነው፣ ሞዴሉ የማያያቸውን አዙሪቶች ሥራ የሚተካውን፣ 1000 ካሬ ሜትር በሰከንድ ሰጥቼው አሪፍ ሠርቶልኛል። አሁን ወደ ሩብ ዲግሪ ወጣሁና ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተውኩት። አዙሪት እጠብቃለሁ፣ የለም! ሳተላይቱ የሚያሳየው ድፍን አዙሪት፣ የኔ ካርታ እንደተተኮሰ ነጠላ ለጥ ያለ። ምን አጠፋሁ?

ቆላ_ደጋ፦
ወንድሜ፣ ችግሩ አለማጥፋትህ ነው። ጂኤሙን አጥፋው። እዚያ አካባቢ እኩል እፍግታ ያላቸው የውሃ ንብርብሮች አግድም አይተኙም፣ ወደ አንታርክቲካ ሲጠጉ ሽቅብ ይወጣሉ፣ እንደዚያ ያቆማቸው ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፣ አዙሪቶቹ ደግሞ በዚያ ተዳፋት ውስጥ የተጠራቀመውን ጉልበት እየበሉ መልሰው ሊያስተኟቸው ይታገላሉ። ጂኤም ይሄንኑ ሥራ ነው የሚሠራው። ግሪዱ 100 ኪሎሜትር ሲሆን አዙሪት አይታይም፣ ስለዚህ የግድ ያስፈልጋል። ሩብ ዲግሪ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ትሪ ከበቡ፣ ጂኤም ቀድሞ ጠረገው። አዙሪቶችህ በረሃብ ነው የሞቱት።

ፍርግርግ፦
ልክ ነው፣ ግን አጥፍቶ መገላገል የለም። የአዙሪቱን ስፋት የሚወስነው የሮስቢ ራዲየስ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ይጠባል። መካከለኛው ኬክሮስ ላይ 30 ኪሎሜትር ገደማ፣ ወደ ዋልታው 10 አካባቢ። ሩብ ዲግሪ 60 ደቡብ ላይ 14 ኪሎሜትር ነው። ስለዚህ እዚያ አዙሪቱ በግማሽ ይታያል፣ በግማሽ አይታይም፣ ከሁሉ የከፋው ቦታ። ተመራማሪው ሃልበርግ በ2013 ያመጣው መላ ራዲየሱ ከግሪዱ ሁለት እጥፍ ሲበልጥ ጂኤም ይጥፋ፣ ሲያንስ ይሥራ የሚል ነው። አንተ ጋ ታች ድረስ ይሥራ ሊልህ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን በደንብ ቀንሰው። ሬዲ የሚባለውን የማደባለቅ ዘዴ ግን አብረህ እንዳታጠፋ! እሱ ሙቀትና ጨውን በንብርብሩ ላይ ነው የሚያዳርሰው፣ ንብርብሩን አያስተኛም።

ቆላ_ደጋ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የ1 ዲግሪውም "አሪፍ ሠርቷል" ያልከውን ነፋሱን ከፍ አድርገህ ፈትነው። አዙሪት ያለበት ሞዴል ላይ ነፋስ ሲጨምር አዙሪቱም ስለሚበረታ አንታርክቲካን የሚዞረው ጅረት እምብዛም አይጨምርም። ጂኤምን የማይለወጥ 1000 ከሰጠኸው ግን የንብርብሩ ተዳፋት ይበልጥ ቀጥ ይላል፣ ጅረቱም ያብጣል።

ባሕር_አልባ፦
በመጀመሪያ፣ እህት ነኝ 😄። አጥፍቼ አስኬድኩት፣ ከደቡብ አፍሪካ በታች አዙሪቶቹ ብቅ ብቅ አሉ። ታች 60 ላይ ግን አሁንም ጭር ያለ ነው። እዚያ 100 ብሰጠው ያስኬዳል ወይስ እሱም ይጠርጋል?