@ በአማርኛ ስሟ ማን ነው?

ጸሐፊዋ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሲቪ እየጻፍኩ፣ ፎርም እየሞላሁ ነው የምተዳደረው። ትናንት በርበሬ የሚነግዱ እናት የልጃቸውን ኢሜይል በወረቀት ይዘው መጡ። ምልክቷ የለችም። በቦታዋ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤ እና ቲ ተጽፈዋል። ልጁ በስልክ «አት» ሲላቸው የሰሙትን ነው የጻፉት። ሺፍትና 2ን ተጭኜ ሳሳያቸው፣ «ይቺ ጅራቷን የጠቀለለችው ናት እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልጥራላቸው? ከየትስ መጣች?

የሂሳብ ሰው
እህቴ፣ ይቺ ምልክት የነጋዴ ልጅ ናት። በፈረንጆች 1536 ፍራንቼስኮ ላፒ የሚባል የፍሎረንስ ነጋዴ ከሴቪያ ወደ ሮም በላከው ደብዳቤ ላይ አለች። እዚያ የወይን ጠጅ መስፈሪያ ጋን ነበረች። ስፔኖች እስከ ዛሬ «አሮባ» ይሏታል። አሮባ የድሮ ሚዛን ነው፤ 25 ፓውንድ፣ ወደ 11 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ቃሉ የመጣው ከዓረብኛው «አር-ሩብ» ነው። አዎ፣ የእኛው ሩብ ዘመድ! የምን ሩብ ብትይ፣ የድሮው የስፔን ኩንታል ሩብ። እንግሊዞች ደግሞ ለነጠላ ዋጋ ያዟት፦ 12 እንቁላል @ 15 ብር፣ ማለትም አንዱ በ15።

ኢሜይል ውስጥ ያስገባት ሬይ ቶምሊንሰን ነው፣ በ1971፣ አሜሪካ። የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም የሚለይ ምልክት ፈለገ። በሰው ስም ውስጥ የማትገባ መሆን ነበረባት። ቴሌታይፑ (የዚያን ጊዜው የኮምፒውተር መጻፊያ መሣሪያ) ላይ ሺፍትና ፒ ሲጫኑ ትወጣ ነበር፣ እሷን መረጠ። የመጀመሪያውን መልእክት የተላላኩት ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን የቆሙ ነበሩ፤ መልእክቱ ግን በአርፓኔት፣ ማለትም ከኢንተርኔት በፊት በነበረው መረብ፣ ዞሮ ነው የደረሰው።

ከናታንያ
እዚህ እስራኤል «ሽትሩደል» ነው የምንላት፣ እንደ ተጠቀለለው የፖም ኬክ። እናቴም አማርኛ እያወራች መሃል ላይ «ሽትሩደል» ትላለች። ጣሊያኖች ቀንድ አውጣ፣ ሩሲያውያን ውሻ ይሏታል። ሆላንዶች ደግሞ የጦጣ ጅራት! የበርበሬ ነጋዴዋ እናት ዓይን ከእነሱ ጋር ገጥሟል።

ጸሐፊዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀታቸው ላይ በትልቁ ስያታለሁ፣ ከጎኗም «ጥቅል ጅራት» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ሰኞ ይመጣሉ። የሩቡን ነገር ሳልነግራቸው አላድርም፤ ቀኑን ሙሉ ሩብ ኪሎ በርበሬ ሲመዝኑ ነው የሚውሉት።