ጥቆማ፦ ለቆርቆሮ ቤት ከኮርኒስ በላይ ምን ቢነጠፍ ይሻላል?

ጥያቄ፦
አራት ኪሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። ቀን ይጋግራል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንኳ መደማመጥ የለም። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው። ፎይል፣ ፋይበር ግላስ ወይስ ስታይሮፎም?

መልስ፦
ባለ 50 ሚሊሜትር ፋይበር ግላስ ያድርጉ። ፎይል የፀሐይን ግለት ይመልሳል እንጂ ለሌሊቱ ብርድም ለዝናቡ ጩኸትም እምብዛም አይረዳም። ግለቱን የሚመልሰውም ከቆርቆሮው ሥር 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ ሲተውለት ነው። ከነካው ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ታች ያወርደዋል።

ወለሉ 20 ካሬ ነው፤ ለቁርጥራጭ ጨምረው 22 ይያዙ። ጥቅሉ 1.2 በ15 ሜትር ከሆነ 18 ካሬ ስለሚሸፍን 2 ይበቃል፤ ትራፊው ለኮሪደር ይሆናል። ተክለ ሃይማኖትም ይግዙ መርካቶ፣ ጥቅሉን አስፈትተው ውፍረቱን ይለኩ። ሙቀት የሚያግደው በክሮቹ መሐል ያለው አየር ነው፤ ታምቆ ከርሞ 30 ሚሊሜትር ላይ የቀረ ፋይበር የ30 ሥራ ብቻ ይሠራል።

ከማንጠፍዎ በፊት ግን የሚያፈስ ቦታ ካለ ይደፈን። በጠራራ ፀሐይ መብራት አጥፍተው ከኮርኒሱ በላይ ይመልከቱ፤ ብርሃን ያስገባ ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ጎማው የተሰነጠቀ ሚስማር ካለ ወፈር ባለ ይቀየር። የረጠበ ፋይበር ይከብዳል፣ ቺፑዱን ያሳብጣል፣ ብርድም አያግድም።

በቺፑዱና በፋይበሩ መካከል ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ መጋጠሚያው 15 ሴንቲሜትር ይደራረብ። ይህ ሲቀር የወጥ ቤት እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል። በጣሪያው ዳር አየር የሚገባበትን ክፍተት አይድፈኑ።

ሌላ መልስ፦
በፋይበሩ እስማማለሁ። ስታይሮፎምን በጭራሽ አልመክርም፤ እሳት ሲነካው ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ጭሱ መርዛም ነው፣ አይጥ ትቦረቡረዋለች፣ የሽቦውን ፕላስቲክ ልባስም ከነካው ያደርቀዋል።

ከኮርኒስ ሠሪው በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። መስመሩ ፋይበር ሥር ከተቀበረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ልባሱ ይጎዳል። ሽቦው ከላይ ይሂድ፤ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያም ሳጥን ውስጥ ይግባ።

በካሬ የተዋዋለ ሠራተኛ ቶሎ ለመጨረስ ማዕዘኑን ሊዘል ይችላል፤ ራስዎ ወጥተው ሳያዩ የመጨረሻውን ክፍያ አይስጡ። ቺፑድ ሰው አይሸከምም፣ ሞራሌው ላይ ሳንቃ ተጋድሞ ይረገጥ። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና እጅጌ ረጅም ልብስ የግድ ነው። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ቢሠራ ይሻላል፤ ቆርቆሮው ከጋለ ከሥሩ መቆየት አይቻልም።

ተጨማሪ፦
ኮርኒሳችሁ አቡጀዲ የሆነ፣ እላዩ ላይ አታንጥፉ። በሜትር ኩብ 16 ኪሎ የሚመዝነው ቀላሉ ፋይበር እንኳ 50 ሚሊሜትሩ በካሬ 0.8 ኪሎ ይሆናል፤ 20 ካሬ ላይ 16 ኪሎ ማለት ነው። ጨርቁ ይረግብና ከዳር ይነቀላል። መጀመሪያ ሞራሌ አስመትታችሁ ቺፑድ ወይም ኮምፔንሳቶ አስገቡ።