እናቴን ጅማ ውስጥ የት ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ እናቴ ልትጠይቀኝ ቅዳሜ ከደሴ ትመጣለች። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ላሳያት አስቤ ነበር፤ ሆኖም ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገቱና ደረጃው እንዳይከብዳት ሰግቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጡልዎ! ጅሬን ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ስለሚገኝ ባጃጅ ኮንትራት ይያዙ፤ ባለባጃጁ እስክትመለሱ እንዲጠብቃችሁም ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የኖሩበት ይህ የእንጨት ቤት ፎቅ ስላለው፣ እናትዎ መውጣት ቢያቅታቸው እንኳ ግቢው ውስጥ ዐረፍ ብለው ከተማውን ቁልቁል ማየት ይችላሉ። ከዘነበ ግን መንገዱ ስለሚያንሸራትት ለሌላ ቀን ያቆዩት።

መልስ፦ አመሻሽ ላይ ጅማ አጠገብ ወዳለው የቦዬ ረግረግ ብቅ በሉ፤ ጉማሬ ይታያል። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጄ የተሳካልኝ አንዴ ነው፣ ያውም ጆሮና አፍንጫውን ብቻ! ወደ ውኃው ዳር ግን አትጠጉ።

መልስ፦ ለመታሰቢያ የጅማ በርጩማ ይግዙላቸው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን፣ ባለሦስት እግሩን ይምረጡ፤ ሲያነሡት ከመጠን በላይ ከከበደዎት እንጨቱ ገና አልደረቀም ማለት ነውና ደሴ ደርሶ ይሰነጠቃል። የእኔ እንዲያ ሆኖ ቀርቷል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ ጠዋት ጅሬን፣ ከምሳ በኋላ በርጩማ። ጉማሬውን እሷው ትወስን።