ብረት ፋብሪካ ግዙፍ ካልሆነ አያዋጣም የሚባለው እውነት ነው?

ሰናይት፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ያልገባኝን ነገር ልጠይቅ። ምርት ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል ሲባል ሁሌ ምሳሌው ብረት ነው። አሜሪካዊው የብረት ባለሀብት ካርኔጊ በ1875 (በፈረንጅ) ፔንሲልቫንያ ብራዶክ ላይ ፋብሪካውን ከፈተ፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቶኑ ከ100 ዶላር በላይ የነበረ የባቡር ሐዲድ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ከ20 በታች ወረደ። እሺ፣ ግን ለምን በተለይ ብረት? ዳቦ ቤትም ቢሰፋ ይረክሳል እኮ። ደግሞ እኛ ጋ ያሉት የፌሮ ፋብሪካዎች ተጠቃለው አንድ ትልቅ ቢሆኑ አይሻልም?

ዘ_ኢንጂነር፦
እህቴ ዋናው ነገር ምድጃው ነው። ማዕድን የሚቀልጥበትን ምድጃ ወርዱንም ቁመቱንም እጥፍ ብታደርጊው ግድግዳው 4 እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ሆዱ ግን 8 እጥፍ ይይዛል። ሙቀት የሚያመልጠው በግድግዳው ነው፣ ውድ የሆነውን እሳት የሚችል ጡብ የሚበላውም እሱ ነው፣ ስለዚህ ለቶን ሲካፈል ወጪው ይወርዳል፣ ሠራተኛውም ምድጃው ስላደገ እጥፍ አይሆንም። በኢንጂነሮች ግምት አቅሙን እጥፍ ስታደርጊ የግንባታው ወጪ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ኮሪያ ጓንግያንግ ያለው ምድጃ እኮ 6,000 ሜትር ኩብ ነው። ተቃራኒውን ካየሽ ቻይና በ1958 ሕዝቡ በየጓሮው ብረት ያቅልጥ ተብሎ የሰው ድስት ሳይቀር ገባበት፣ የወጣው አብዛኛው ለምንም የማይሆን ነበር፣ ጉልበቱ ወደዛ ሄዶ እህሉ ማሳ ላይ ቀረ፣ በጣም ያሳዝናል።

ኪሩ_ዲሲ፦
ልክ ነህ ወንድሜ ግን ይሄ ከማዕድን ለሚነሳው ነው። ትልቁ ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ ለዓመታት አይጠፋም፣ ገበያ ቀዘቀዘ ብለህ ቅዳሜና እሁድ ልዝጋው አትልም፣ ሰው ባይገዛም ይበላል። ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡት ግን በጣም ባነሰ መጠን ያዋጣቸዋል። ኑኮር የሚባለው የአሜሪካ ብረት አምራች በዚህ መንገድ ነው ከፌሮ ዓይነቱ ጀምሮ በ1989 ኢንዲያና ክሮፎርድስቪል ላይ ዝርግ ብረት ውስጥ የገባው፣ ትልልቆቹ ያን ገበያ ማንም አይነካብንም ብለው ነበር። ዛሬ አሜሪካ ከምታመርተው ብረት 70 በመቶ ገደማው በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚቀልጥ ነው።

ባለ_12፦
ፌሮ ፋብሪካ ስለሠራሁ ስለኛው ልበል። እኛ ጋ ከማዕድን የሚያቀልጥ የለም ማለት ይቻላል፣ ወይ ቢሌት (ፌሮ የሚወጣበት ወፍራም ጥሬ የብረት ዘንግ) ከውጭ ይመጣል ወይ ቆራሌው የሰበሰበው ይቀልጣል። ችግሩ ያለው ማሽን እንኳን ሞልቶ አለመሥራቱ ነው፣ ዶላር ሲጠፋ ቢሌት የለም፣ መብራት ሲሄድ መስመሩ ላይ ያለው ብረት ቀዝቅዞ ይበላሻል፣ የባንክ ወለዱና ደሞዙ ግን አይቆምም። ደግሞ የፌሮውን ውፍረት ከ8 ሚሊ ወደ 12 ስትቀይሪ ብረቱን እየጨመቀ ቅርጽ የሚሰጠው ሮል ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ይሞከራል፣ እስኪስተካከል የሚወጣው ውድቅ ነው፤ ብዙ ትዕዛዝ ያለው አንዱን ቁጥር ለቀናት ያወጣል፣ ትንሽ ትዕዛዝ ያለው ሲፈታ ሲገጥም ይውላል። ብታጠቃልያቸው በዚህ በኩል ይጠቅማል፣ ግን ቢሌትና መብራት ሳይስተካከል ከሆነ ወለዱ የባሰ ነው የሚሆነው።

ሰናይት፦
ተባረኩ፣ የሮሉን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ባለ 12፣ የቆራሌው ብረት ለሁሉም ፋብሪካ ይበቃል ወይስ ይሻሙበታል?